የሃያ ደቂቃ መድኃኒት

ከሁምቦ ወደ ሶዶ ሲመለሱ፣ ዳገቱ እንደጀመረ መንገድ ዳር አንድ ግራር አለ። ባለፈው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ዋዜማ፣ እኔና ባለቤቴ እዚያ ጥላ ሥር የአማቴን ቅቤ ታቅፈን ተቀምጠን ነበር። ቅቤው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሏል፤ ከቅጠሉ ሥር ወዙ መንጠባጠብ ጀምሯል። መኪናዬ፣ ዲኤክሷ፣ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ልጆች ከየት መጡ ሳይባል ከበውናል፤ አንደኛው ማንም ሳያዘው ውሃ በጀሪካን ይዞ መጥቷል። የዚያ መንገድ ልጆች ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ሁሉ ውሃ የጠማው ይመስላቸዋል።

የእኔዋ ውሃ አልጠማትም። የሙቀት መለኪያዋ መሃል ላይ ነው፤ ራዲያተሩ አይንተከተክም፤ ጭስ የለም፣ የተቃጠለ ነገርም አይሸትም። ዳገቱን ደህና እየወጣች ሳለ ቁልፍ የዘጉባት ያህል ጸጥ አለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ እሷ አትነሳም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተቀመጥን በኋላ ቁልፍ ስሰጣት በመጀመሪያው ተነሳች። «ምን ሆንኩና ነው?» የምትል ትመስላለች።

ይህ ሲሆን አምስተኛ ጊዜዋ ነው።

ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ቶዮታ ይህን የኮሮላ ትውልድ ማምረት የጀመረው በአውሮፓውያን 1979 ነው። ሞተሯ ፎር ኬ የሚባለው፣ 1.3 ሊትር ገደማ የሆነው ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታውቅም፤ ቤንዚኑን ካርቡሬተር ይመጥናል፣ እሳቱን ዲስትሪቢዩተር ያከፋፍላል፣ በቃ። «ለምን አትሸጣትም?» የሚሉኝ አሉ። ሸጬ ምን ልገዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሹን ተከለከለ። አገር ውስጥ የቀረችው አሮጌ መኪና ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር ዋጋዋም የሚጨምር ሆነች፤ እኛም እንደ አሮጊት እናት እናስታምማታለን።

ከዚያ ቀን በፊት ሦስት ጋራዥ ገብታ ወጥታለች። የመጀመሪያው ካርቡሬተሩን አውርዶ አጠበው። ሁለተኛው ካንዴላውንና የቤንዚን ፊልትሮውን ቀየረ። ሦስተኛው «የምትጠፋው ቆላ መንገድ ላይ ነው? እንግዲያው ቤንዚኑ እየፈላ ነው» ብሎ ፖምፓውን በአዲስ ተካ። ሁሉም ሲጨርሱ እስከ መናኸሪያ ነድተዋት ይመለሱና «ይኸው፣ ምንም የለባትም» ይሉኛል። አልወቅሳቸውም። በዚያች ሰዓት እውነትም ምንም የለባትም። ማልጄ ነው የምወስዳት፣ ቀዝቅዛ ነው የምትመረመረው፣ መናኸሪያ ደርሶ መመለስ ደግሞ አያሞቃትም።

የሦስተኛው ባለሙያ ግምትም ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ቤንዚን እንደ ውሃ በአንድ የሙቀት ልክ አይፈላም፤ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ስለሆነ ቀላል ቀላሉ ገና 35 እና 40 ዲግሪ ላይ መትነን ይጀምራል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ መትነኑ ይባስ ይቀላል። ሶዶ ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ እንኳ እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በዲኤክስ ላይ ፖምፓው ሞተሩ ጎን ተለጥፎ ቤንዚኑን ከኋላ ካለው ታንከር ይስባል። መሳብ ማለት ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ነው። ቱቦው ከሞቀ ቤንዚኑ እዚያው እንፋሎት ይሆናል፤ ፖምፓው እንፋሎት ሲገፋ ይውላል፣ ካርቡሬተሩ ይደርቃል። 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ በቀትር ተነስቶ ወደ ሶዶ ለሚወጣ ባለ ካርቡሬተር መኪና ይህ የታወቀ በሽታ ነው። የድሮ ሹፌሮች ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጠመጥሙ ነበር። እኔም ጠመጠምኩ፤ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ተነሳች።

በሌላ ቀን የታንከሩን ክዳን ከፍቼ ዘጋሁ፤ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ተነሳች። በሌላ ቀን የባትሪውን ሽቦ ፈትቼ መልሼ አሰርሁ፤ ተነሳች። አንድ ቀን ባለቤቴ ጸለየች፤ ተነሳች። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ሙከራ ጽፈው ቢያመጡልኝ ዜሮ ነበር የምሰጣቸው። ያደረግሁት ነገር ሁሉ ሃያ ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ያስነሳት ግን ሃያ ደቂቃው ራሱ ነበር።

ነገሩን ያቀናችው ባለቤቴ ናት። ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው። ወባ በቆላው በኩል ጎረቤታችን ስለሆነ ዕድሜዋን ደም በመስተዋት ላይ ስትቀባ ነው የኖረችው። ግራሩ ሥር ቅቤውን ከአንዱ ጭኗ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ «ስንማር ደሙን ትኩሳቱ ሲነሳበት ውሰዱ ይሉን ነበር» አለችኝ። «አንተ መኪናህን ሐኪም ጋ የምትወስዳት ትኩሳቷ ከለቀቃት በኋላ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ማዶ ማዶውን አየሁ። የሁምቦ ተራራ ልጅ ሳለሁ ራሰ በራ ነበር፤ በአውሮፓውያን 2006 የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር ከልለው ጉቶው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ አደረጉ፤ ዛሬ ጫካ ነው። መኪናዬ ደህና ብትሆን ቆሜ የማየው አልነበረም።

ከጊፋታ በኋላ አንድ ሰው ጋ ሄድኩ። ከመኪና ጋር ያረጁ፣ ጋራዣቸውን ለልጃቸው አስረክበው ደጃፉ ላይ ወንበር ይዘው የሚውሉ መካኒክ ናቸው። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙና፣ «ቲቸር፣ እሷን እዚህ አታምጣት። እኔን እዚያ ውሰደኝ» አሉኝ።

ዓርብ ከሰዓት ተያይዘን ወረድን። ጋሼ በፌስታል የያዙት ንብረት ይህ ነው፦ አንድ ካቻቢቴ፣ እጀታው ጎማ የለበሰ ፒንሳ፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት የፍሬን መብራት አምፖል፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ደህና ቦቢና እና አንድ ኮንደንሰር። እኔ ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ፈርሜ መልቲሜትር ወስጃለሁ። ሁምቦን አልፈን ወረድን፣ ዞርን፣ መውጣት ጀመርን። ጋሼ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኛል፤ እኔ ግን ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነው። በሕይወቴ መኪናዬ እንድትበላሽ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሶዶ ከተነሳን 40 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ድርግም አለች።

«አየህ አሟሟቷን?» አሉ ጋሼ። «እየተንተባተበች፣ እየዘለለች፣ ቤንዚን ስትረግጥ እያሳለች ብትሞት ነዳጅ ነው እልህ ነበር። እሷ ግን መብራት እንደሄደበት ቤት ነው የሆነችው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልህም፤ መጀመሪያ በዚህ በኩል ግባ ለማለት ግን ይበቃል። በል ውረድ፣ ሳትበርድ እንያዛት።»

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ክዳን አነሱ። ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እያዩ የነዳጁን ማንሻ በእጃቸው ሳብ ሲያደርጉት ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ጭር ብሎ ወረደ። አንዴ ደገሙት፤ ያው ነው። ካርቡሬተሩ ቤንዚን አለው። የታጠበው ካርቡሬተር፣ የተቀየረው ፊልትሮ፣ በአዲስ የተተካው ፖምፓ ሁሉ በዚያች ፍንጣቂ ነጻ ወጡ። ያወጣሁትን ብር በልቤ ቆጠርኩ።

ክዳኑን መለሱት፤ ቤንዚን እየተነነ ባለበት ቦታ እሳት አይፈተሽም። ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሃል ያለውን ወፍራም ሽቦ ነቀሉና በፒንሳው ይዘው ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አራቁት። ሽቦው ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ቮልት የሚያልፍበት ነው፤ በባዶ እጅ የሚይዘው ሰው ሁለተኛ አይለምደውም። «ቁልፍ ስጥ!» ሰጠሁ። ሞተሪኖው ዞረ። ደህና መኪና ላይ ጫፉ ላይ ጠጠር ያለ ሰማያዊ ብልጭታ ጧ ጧ ይላል። እኛ ያየነው አንድ ሁለቴ ብልጭ ብሎ የጠፋ ቀይ ክር ነው።

ቀጥሎ አምፖሉ። አንዱን ሽቦ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን ቦቢናው ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ጫፍ ላይ አደረጉት፤ በራ። ቁልፉና ፊውዙ ደህና ናቸው ማለት ነው። ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ወደሚሄደው አዛወሩትና አስዞሩኝ፤ አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ፑንቲና በደንብ እየከፈተና እየዘጋ ነው ማለት ነው። ተጠርጣሪ ሆነው የቀሩት ቦቢናው እና ኮንደንሰሩ ናቸው። ጋሼ ሁለቱን አንድ ላይ አልቀየሩም። በመጀመሪያ ርካሹን ኮንደንሰር ብቻ አሰሩ፤ አልተነሳችም። የእኔን መልቲሜትር ቦቢናው ላይ አኑረው «አንብብ» አሉኝ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ለክቼው የውስጡ ቀጭን ጥቅል 10.4 ኪሎ ኦም ነበር። አሁን መስኮቱ ላይ አንድ «1» ብቻዋን ቆማለች፤ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ይዘው የመጡትን ቦቢና ሲያስሩ ሞተሩ እሳት እንደሆነ፣ ቁልፍ በሰጠሁበት ቅጽበት ተነሳች። ከጠፋች ዘጠኝ ደቂቃ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ ሳይሞላ።

ቦቢና ዕቃው ቀላል ነው። ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ለአውሮፓውያን 1910 ካዲላክ ከሠራው ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። በአንድ ብረት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፤ አንዱ ወፍራም፣ ጥቂት መቶ ዙር፤ ሌላው ከፀጉር የቀጠነ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር። ፑንቲናው የባትሪውን ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ላይ ሲያቋርጠው በቀጭኑ ላይ ካንዴላ የሚያበራ ቮልት ይፈጠራል። የመዳብ ሽቦ በሞቀ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ከመቶ ያህል፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ይበልጥ ይቃወማል። ያ ብቻውን ሞተር አያጠፋም። የሚያጠፋው ስንጥቅ ነው፤ ቀጭኑ ሽቦ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ከሆነ በቀዝቃዛ ጊዜ ጫፍና ጫፉ ይነካካል፣ ሲሞቅ ቦቢናው ይለጠጥና ይራራቃል። ሲበርድ መልሶ ይገጥማል። ጋራዥ ሲደርስ ንጹሕ ነው።

እኔ እዚህ ላይ በቃን ብዬ ኮፈን ልዘጋ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ቦቢና ዝም ብሎ አይሞትም። ማን ገደለው?» ጣታቸውን ሽቦውን እያስከተሉ ወሰዱትና በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ነገር ላይ ቆሙ። ፈቱት። እዚያ ቦታ ላይ ነጭ፣ የኖራ ጠጠር የመሰለ ሬዚስተር መኖር ነበረበት፤ ከባትሪ ወደ ቦቢና የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚገታ። በአንድ ወቅት ተሰብሮ ኖሯል፤ አንድ ሰው ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ አገናኝቶ ናስትሮ ጠቅልሎበታል። ሒሳቡን እዚያው ቆሜ ሠራሁት። ወፍራሙ ጥቅል 1.5 ኦም ነው፤ ሬዚስተሩም እንደዚያው ከሆነ በ12 ቮልት 4 አምፔር ያልፋል፣ ቦቢናው ላይ የሚያርፈው ሙቀት 24 ዋት ነው። ሬዚስተሩ ሲወጣ ፍሰቱ 8 አምፔር ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው፦ 96 ዋት። በሩጫ ላይ ፑንቲናው ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ከዚህ ያንሳል። ሞተሩ ቆሞ፣ ቁልፉ ክፍት ሆኖ፣ ፑንቲናውም ዝግ ላይ ካረፈ ግን ሙሉው ሙቀት ቦቢናው ላይ ነው።

«ቁልፍ ከፍተህ ቆመህ ትቀመጣለህ እንዴ?» አሉኝ።

ሬዲዮ። የቤንዚን ሰልፍ ላይ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ቁልፉን ከፍቼ ዜና እሰማ ነበር። አንዳንዱ ሰልፍ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጋሼ የፊቴን አይተው ሌላ አልጠየቁኝም።

ወደ ሶዶ እየወጣን ሌሎቹን በሽታዎች ያጫውቱኝ ጀመር። የታንከር ክዳን የአየር መግቢያ ቀዳዳው ሲደፈን ሞተሩ ቤንዚኑን እየሳበ ታንከሩን አየር አልባ ያደርገዋል፤ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ይታፈናል። ይሄኛው ሙቀት ይመስላል እንጂ ሙቀት አይደለም። ምልክቱ ክዳኑን ሲፈቱ ሽሽ ብሎ አየር መሳቡ ነው። ከዚህም የባሰ አታላይ አለ፤ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ነው። የጀሪካኑ ክዳን እንዳያፈስ ፌስታል ይደረግበታል፣ የፌስታሉ ቁራጭ ታንከር ይገባል። ሞተሩ ሲስብ ቁራጩ ቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቅና ይሰምጣል። ባለመኪናው ደግሞ «በረደላት» ይላል። ጋሼ አንዱን ሹፌር ሁለት ወር ያንከራተተ የፌስታል ቁራጭ በጣታቸው ልክ አሳዩኝ።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቆሞ ሲጠብቅ ብቻ፣ በሚኒሞ ላይ፣ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቫልቮላውን ያያሉ። የፎር ኬ ቫልቮላ ሞተሩ በሞቀበት ሁኔታ ቤንዚን ማስገቢያው 0.20፣ ጭስ ማውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። «ድምፅ አለው» ብሎ ያን ክፍተት ያጠበበ ሰው ብረቱ ሲለጠጥ ቫልቮላው ጭራሹን እንዳይዘጋ ያደርገዋል፤ ጉልበቱ ያፈሳል። ቾክ ተጣብቆ ሲቀር ደግሞ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ራሱ ይናገራል።

ኮምፒውተር ያላቸውን፣ ቪትዙን እና ከአውሮፓውያን 1990ዎቹ ወዲህ ያለውን ኮሮላ ልጃቸው ነው የሚያየው። እነዚያ ላይ ፖምፓው ታንከር ውስጥ ተቀምጦ በግፊት ስለሚልክ ቤንዚን መፍላቱ ብርቅ ነው። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር ግን ውስጡ ያው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ነው፤ ያው ስንጥቅ፣ ያው ሃያ ደቂቃ። ስካነር ሁልጊዜ አይይዘውም። ልጁ ታዲያ ሴንሰሩን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቀ ይለካዋል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር።

በትልልቅ አገር እንኳ በዚህ በሽታ ፍርድ ቤት ተደርሷል። ፎርድ ኩባንያ ከአውሮፓውያን 1983 ጀምሮ በብዙ መኪኖቹ ላይ እሳቱን የሚያዘውን ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ፣ ሙቀቱ መሃል ለጠፈው። ሲግል ሞተር ያጠፋል፣ ሲበርድ ይሠራል። በ2000 አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ በዚያ ግዛት እስከ 1.7 ሚሊዮን የሚደርሱ መኪኖች እንዲጠሩ አዘዙ፤ ክርክሩ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ተዘጋ። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው፣ «እነሱም ጠዋት ነዋ የመረመሩት» አሉ።

አዲስ ሬዚስተር ገባላት፤ የተዋሰችው ቦቢናም ተገዝታ ቀረች። ጋሼ ለድካማቸው የተቀበሉኝ አንድ ኪሎ ቅቤ ነው፤ እሱንም አማቴ ስትሰማ ጨመረችበት።

አሮጌውን ቦቢና አልጣልኩትም። ኤሌክትሮማግኔት ስናስተምር ክፍል ይዤው ገባሁ፤ በፌስታል ጠቅልዬ ምድጃ ላይ በተጣደ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ የመልቲሜትሩን ሽቦ አሰርሁበት። አንድ ተማሪ ሙቀቱን፣ አንዷ ኦሙን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። 10.4፣ 11፣ 11.7፣ 12.3። መዳቡ እንደ መጽሐፉ እየሄደ ነው። 80 ዲግሪ ሲጠጋ 12.6 ተጻፈና መስኮቱ ላይ «1» ብቻዋን ቀረች። ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ተነሥተው መጡ።

«ቲቸር፣ ሲበርድ ይመለሳል?» አለች ቁጥሩን የምትጽፈው።

ቦቢናውን ከውሃው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ቆመን ጠበቅን። ደወሉ ቀደመን።